የጠረፍ መጓጓዣ ዕቅድ ከባሕሩ ሰዓት ይጀምር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የባሕር ጠረፍ ገጠሮች መጓጓዣ በተነሳ ቁጥር ወሬው ከአስፋልት ይጀምርና አስፋልት ላይ ያበቃል። ስንት ኪሎ ሜትር ተነጠፈ፣ ስንት ቀረ ይባላል። መንገድ አያስፈልግም የሚል የለም። ነገር ግን የጠረፍ ገጠር ሰው ገበያው፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ በሰዓቱ የሚደርሰው ውሃው፣ ጀልባውና አውቶቡሱ ሲገናኙ ነው። ይህ ግንኙነት ሳይታቀድ የሚነጠፍ መንገድ ባዶ አውቶቡስ ያመላልሳል። ዕቅዱ ከየት መጀመር እንዳለበትና የት የት እንደሚበላሽ በዝርዝር ልጻፍ።

በአብዛኞቹ የዓለም ጠረፎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሙላቱ በየቀኑ በግምት 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማረፊያው ድረስ የሞላው ውሃ፣ በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ቦታውን ለጭቃ ይለቃል። አውቶቡሱ ግን ዓመቱን ሙሉ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እሱ ነውና። ከጀልባ ወርዳ፣ ዘንቢል ተሸክማ፣ ጭቃውን እስከ ጉልበቷ እየረገጠች የመጣች ሴት መንገዱ ዳር ስትደርስ የምታገኘው አቧራውን ነው። ሹፌሩ ጨክኖ አይደለም፤ ጠብቅ ብሎ ያዘዘው የለም።

ስለዚህ የአውቶቡሱ ሰሌዳ ከባሕሩ የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ጋር ተዛምዶ በየወሩ ይውጣ፤ ማረፊያውና መናኸሪያው ላይም ይለጠፍ። ሁለት ደንቦችም ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይጻፉ። አንደኛው፣ ጀልባ ከታየ አውቶቡሱ እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ የቀኑ የመጨረሻ አውቶቡስ የመጨረሻው ጀልባ ሳይደርስ አይነሳም። ይህ ሁለተኛው ደንብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው አንድ ቀን ጠረፍ ላይ አድሮ ከቀረ ከዚያ በኋላ አገልግሎቱን አያምነውም።

ሒሳቡ ቀላል ቢመስልም ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መሄጃው 35 ደቂቃ ከሆነና በሁለቱም ጫፍ 10 ደቂቃ ማረፊያ ካለ፣ አንድ ደርሶ መልስ 90 ደቂቃ ይወስዳል። በአንድ አውቶቡስ «በየሰዓቱ» ብሎ ቃል መግባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐሰት ነው። በየዙሩ ለጀልባ መጠበቂያ 15 ደቂቃ ሲጨመር 105 ደቂቃ ይሆናል፤ በ12 ሰዓት የሥራ ቀን ስምንት የነበረው ዙር ወደ ስድስት ይወርዳል። ከተሳፋሪው ጋር የሚገናኙ ስድስት ዙሮች ከሚያልፉት ስምንት ይሻላሉ፤ በዚህ አልደራደርም። ስድስቱ ካልበቁ የሚጨመረው ሁለተኛ አውቶቡስ ነው፤ የመጠበቂያው ደቂቃ አይነካ።

ውሃ ሲሸሽ ብቻ የሚታለፍባቸው መንገዶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሊንዲስፋርን ደሴት የሚወስደው መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ በውሃ ይዋጣል፤ የደኅና መሻገሪያ ሰዓቶች በሠንጠረዥ ይወጣሉ፣ መሐል መንገድ ላይም በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ የመጠለያ ጎጆ አለ። በፈረንሳይ ወደ ኑዋርሙቲዬ ደሴት የሚያሻግረው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የጉዋ መንገድ፣ የሚታለፈው ውሃው እጅግ ከሚወርድበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከዚያም በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ሰው ይያዛል። ምክንያቱ ውሃው እኩል አለመነሳቱ ነው። ሙላቱን በአሥራ ሁለት እጅ ብንከፍለው፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻም አንድ እጅ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ሰዓት አይቶ «ቀስ እያለ ነው፣ እደርሳለሁ» ያለ ሹፌር መሐል ላይ ሲደርስ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሙላቱ ግማሽ ይመጣበታል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ውሃ ትንሽ መኪና ያነሳል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይወስዳል። ሠንጠረዡም ማዕበል የሚጨምረውን አያውቅም፤ የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ የባሕሩ ወለል በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል፣ ነፋሱ የሚገፋው ደግሞ በላዩ ይደረባል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የውሃ ልኬት ምሰሶና የሚዘጋ አጥር ይኑር። የሚዘጋውም ሰው በስሙና በሰዓቱ ተመድቦ ይታወቅ፤ «የሚመለከተው አካል ይዘጋዋል» ከተባለ አይዘጋም።

የጀልባ ማረፊያው ዘንድ የሚሠራው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ በሙላት ሰዓት ታይቶ ይሠራል። ሲመረቅ ያምራል፣ ውሃው ሲወርድ ግን ጀልባው ከታች፣ ደረጃው ከላይ ይቀራል። ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክና ከየብስ ጋር የሚያገናኘው በማጠፊያ የሚንቀሳቀስ መሸጋገሪያ ይህን ይፈታል፤ ርዝመቱ ግን በልክ መሰላት አለበት። በሙላት ጊዜ ከየብሱ እኩል የሚሆን 24 ሜትር መሸጋገሪያ፣ ውሃው 2 ሜትር ሲወርድ ተዳፋቱ 1 ለ12 ነው፤ ዊልቸርና የእጅ ጋሪ ያልፍበታል። ውሃው 4 ሜትር በሚወርድበት ጠረፍ ያው መሸጋገሪያ 1 ለ6 ይሆናል፤ እርጥብ ከሆነ ጤነኛ ሰውም ያንሸራትተዋል፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ማውረድማ አይታሰብም። እዚያ ወይ 48 ሜትር ያስፈልጋል፣ ወይ በየደረጃው የሚያርፉ ሁለት መሸጋገሪያዎች።

ጀልባው ላይ የሚሳፈረውን ሰው መቁጠር የዕቅዱ ክፍል ነው፤ ለወደብ ጠባቂ ብቻ የሚተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 በደቡብ ሴኔጋል ካለችው ዚጊንሾር ወደ ዋና ከተማዋ ዳካር ሲጓዝ የተገለበጠው «ለ ጆላ» የተባለው የሴኔጋል መርከብ የተሠራው ለ580 ሰው ገደማ ነበር፤ በአደጋው የሞቱት ግን ከ1,800 በላይ ናቸው። ሕዝቡ እንዲህ የተጨናነቀው በየብስ ወደ ዳካር መሄድ በመሐል ባለችው በጋምቢያ በኩል ወንዝ በፌሪ መሻገርን ስለሚጠይቅና አድካሚ ስለነበረ ነው። በጋምቢያ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠርቶ የተከፈተው በጃንዋሪ 2019 ነው። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው መጫን ከሚገባው በላይ በተጫነ ጀልባ ይሳፈራል፤ በማስጠንቀቂያ ብቻ አይመለስም። መግቢያው ላይ ትኬት ሳይሆን ሰው ይቆጠር፣ ሕፃናትም ይቆጠሩ። ቁጥሩ ሲሞላ የሚቀረው ሰው ቀጣዩ ጀልባ መቼ እንደሚመጣ እዚያው ይነገረው።

አሁን ወደ አስፋልቱ። ማዕበል መንገድን የሚያፈርሰው ፊት ለፊት እየመታ ብቻ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ግን ጀርባው ነው፤ በላዩ የፈሰሰው ውሃ በየብስ በኩል ባለው ትከሻ ሲወርድ አፈሩን ከሥር ይቦረቡረዋል፣ አስፋልቱ ድጋፍ አጥቶ ይሰበራል። ባሕሩ ሲመለስ ደግሞ የታቆረው ውሃ በተራው የባሕሩን ወገን ትከሻ ይበላል። ስለዚህ ድንጋይና ጋቢዮን (ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) በአንድ ወገን ብቻ መደርደር ግማሽ ሥራ ነው። የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችም ለዝናብ ጎርፍ ብቻ ተሰልተው ከጠበቡ፣ ሙላቱ ሲመጣና ሲሄድ በሁለቱ ወገን የውሃው ከፍታ ስለሚበላለጥ በቱቦው አፍ ላይ መሬቱ ይቦረቦራል፤ በጀርባ ያለው የማንግሮቭ (በጠረፍ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደንም ውሃው ተቋርጦበት ይደርቃል። ማንግሮቩ ከሞተ ከኋላው ያለውን መሬት ከማዕበል የሚከልለው አጥር ጠፋ ማለት ነው።

በድልድይና በማረፊያ አርማታ ላይ ጨው ዋናው ጠላት ነው። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ካለው ክፍል ይልቅ የሚረጭበትና የሚደርቀው ይጎዳል፤ ጨውም አየርም እኩል ያገኙታልና። ጨው ፌሮው ጋ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፌሮውን ቢያንስ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር አርማታ ይሸፍነው፣ የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔው ከ0.40 አይብለጥ፤ ያልታጠበ የባሕር አሸዋና የባሕር ውሃ በፍጹም አይግባበት። አሸዋው ቅርብ ነው ተብሎ ከዳርቻው የሚዛቅበት ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡናማ ዝገት ያወርዳል።

የተሽከርካሪ ቆጠራው ነገር አጭር ነው። የዓመት አማካይ ለጠረፍ አይሠራም፤ የዓሣ ወቅትና የእረፍት ወቅት በአማካዩ ውስጥ ይጠፋሉ። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሰባት ሰባት ቀን፣ የገበያውን ቀን ጨምሮ ይቆጠር፤ እግረኛውና ጀልባ የሚጠብቀው ሰውም ይቆጠሩ። በረዶና ዓሣ የሚጭኑ መኪኖች ለብቻቸው ይመዝገቡ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተደረገው የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሥሩ ውሃ የጠጣ መንገድ ደግሞ ይህንንም አይችልም።

ዓሣ በአውቶቡስ አይጫን የሚለውን ክልከላ ግን አልደግፍም። ዓሣ ሻጯን ከአውቶቡስ ማውረድ ገቢዋን መቁረጥ ነው። ችግሩ ከሳጥኑ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ወለሉን አልፎ ሻሲውን መብላቱ ነው፤ ክዳን ያለው ሳጥን፣ ከኋላ ለብቻው የተከለለ ውሃው በቱቦ የሚወርድ ጭነት ቦታና ማታ ማታ የመኪናውን ሆድ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

አዘጋጁ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የጠረፍ መንገድ ምረቃ ስትዘግቡ፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚደርስና የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቁልን፤ መልሱንም በዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ አስፍሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ