አባባ፣ ልጄን መርቅልኝ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፊደሉን አተልቄ ያተምኩት ራስህ እንድታነበው ነው። እህቴ እንድታነብልህ አልፈለግሁም። ሲደክምህ አቁም፤ ነገም ይደርሳል።

መጀመሪያ የዓይንህ ነገር። ደረጃው ላይ መደናቀፍህን የሰማሁት ከእህቴ ነው። አንተ ደብቀኸኛል። ግላኮማ እይታን ከዳር ጀምሮ እየበላ ነው የሚመጣው። አንዴ የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው ያለውን ነው የሚያቆየው። "ዛሬ ደህና ይታየኛል" ብለህ አንድ ማታ እንኳ እንዳትዘል፣ አደራ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሹ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀውበታል። ኳስ ይወዳል። ትልቋ በቁመት እናቷን አልፋለች፤ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ኩሽና ውስጥ ቆማ "ዳዲ፣ ዲግሪዬን በስቱዲዮ አርት ነው የምይዘው" አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሥዕል። ምን ብዬ መለስኩላት መሰለህ? "ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?" አልኳት። አባባ፣ ቃሉ ያንተ ነው። ድምፁም ያንተ ነበር። ልጄ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እኔም በ1987 እንደዚያው ነበር የዘጋሁት።

ስለዚያ ዓመት አውርተን አናውቅም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ቀን እማዬ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለምሳ መስሏት ነበር። የዳቦው ልብ ለከሰል ሥዕል ጥሩ ላጲስ እንደሚሆን አልነገርኳትም። ከጀሶ የተሠራ የሰው ራስ ፊታችን አስቀመጡ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግራ ጉንጩ ላይ ያርፋል። ወረቀቱን በከሰል አጠቆርኩት። ከዚያ ዳቦውን በጣቴ አድቦልቡዬ ጉንጩ ላይ ጫን አደረግሁት። ነጩ ወረቀት ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ አለ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ በሥራዬ ላይ አላገኘሁትም።

ስሜ ሰሌዳ ላይ ወጣ። አንተ ግን አካውንቲንግ አልክ። አፈወርቅ ተክሌም እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፣ ትቶ ሥዕል ተማረ፣ የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት የሠራው እሱ ነው ብዬ ተከራከርኩህ። 150 ካሬ ሜትር መስታወት! ልጅ ሳለሁ እጄን ይዘህ ያሳየኸኝ ራስህ ነበርክ። ቀዩ ብርሃን ነጭ ሸሚዝህ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ይታየኛል። አንተ ግን "አንተ አፈወርቅ አይደለህም" ብለህ ጋዜጣህን ገለጥክ።

ለምን እንደፈራህ አሁን ይገባኛል። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲስል ኖሮ የራሱ ቤት እንዳፈሰሰ ነው የሞተው። ያስተማርከኝ ሙያ ቤት ገዝቶልኛል፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። "አትማር" ማለትህንም ችዬዋለሁ። ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ "እስኪ የሣልከውን አምጣና አሳየኝ" አላልከኝም። ውስጤ የቀረው እሱ ነው። ሥዕሎቹ አልጋዬ ሥር ነበሩ፤ አላየሃቸውም። አሁን ደግሞ ዓይንህ... ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ አባባ።

ስለ ትምህርቱ ጠይቄ አጣርቻለሁ። ሁለት መንገድ አለው። ቢኤፍኤ በሚሉት የሥነ ጥበብ ዲግሪ ከጠቅላላው ትምህርት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሥነ ጥበብ ነው። ቢኤው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆንና ሌላው ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ንድፍና ቀለም፣ ቅርፃ ቅርፅም ይማራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሥራውን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና አስተማሪውም ተማሪውም ፊት ለፊት ይተቹታል። ክሪቲክ ይሉታል። አልቅሶ የሚወጣ አለ አሉኝ። ከምታመለክትባቸው አንዱ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመት ያስተማረበት። እስክንድር ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው እኔ ሳልገባበት በቀረሁት ትምህርት ቤት ነው። ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። ክፍያውን ሳስብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። የተማሪ ብድር እዚህ አሜሪካ ለብዙ ዓመት ተከትሎ የሚሄድ ነገር ነው። ያንተ ፍርሃት እኔም ውስጥ አለ፤ አልዋሽህም።

ግን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ተማሪ ብያታለሁ። ለማመልከቻው ከምታዘጋጃቸው ሥዕሎች አንዱን ለአንተ ሰጥታለች፤ ይህን ደብዳቤ ባመጣልህ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ከድሮ ፎቶ አይታ የሣለችው አንተን ነው፣ ጋዜጣ ስታነብ።

እሑድ በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደውላለን። ስልኩን ለእሷ ነው የምሰጣት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ግን ምርቃት ይገባታል። "አሜን" ማለትም ታውቅበታለች። መጀመሪያ ያየኸውን ንገራት። ከዚያ መርቃት። ለእኔ የቀረውንም ጨምረህ ለእሷ መርቅልኝ።

ሥዕሉን በቀን ነው የምታየው፣ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለህ። መሃሉን እየው፤ ዳር ዳሩን ባዶ ትታዋለች። በእጅህ እንዳትዳብሰው ብቻ፤ ከሰል ነው፣ ይለቃል።

ልጅህ