ለሜሮን፣ አዳማ

ልጄ ሜሮን፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት አክስትሽ ደውላ፣ ከግንባታው ቦታ ላይ እኩለ ቀን አዙሮሽ ግድግዳ ተደግፈሽ እንደተቀመጥሽ ነገረችኝ። አንቺ «የእንቅልፍ ማነስ ነው» ብለሻታል። እኔ አልተቀበልኩትም። ለራስ ምታትሽ በየማታው የምትውጪው አሚትሪፕቲሊን ሐሳብ ሆኖብኝ አደረ፤ ጠዋት ሄጄ ፋርማሲስቷን ጠየቅኋት።

ስሚኝ እንግዲህ። ደብረ ብርሃን ሳለሽ ይህ መድኃኒት ምንም አላደረገሽም፤ በዚህ ብርድ ማን ላብ ይፈልጋል? አዳማ ግን ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ፀሐይ አንቺው ታውቂዋለሽ። መድኃኒቱ ላብ ይቀንሳል። ላብ ካልወጣ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ማታ ስለዋጥሽው ጠዋት አልቆ አይጠብቅሽም፤ እኩለ ቀንም በደምሽ ውስጥ አለ። ለጉንፋን የሚሸጡት እንቅልፍ የሚያመጡ ክኒኖች ሲጨመሩበት ይብሳል፤ ሳትጠይቂ እንዳትወስጂ። ክኒኑን ግን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ። ሐኪሙ ይወስን።

ፎቶግራፉ ሳሎን የተሰቀለው ወንድሜ እንዴት እንደሞተ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ለአእምሮ ሕመሙ ክሎርፕሮማዚን ይወስድ ነበር። መድኃኒቱ ከሰው ቀላቀለው፤ ሳቁ ተመለሰ፤ ሥራ አማረው። ሸንኮራ ሊቆርጥ ቆላ ወረደ። ጓደኞቹ እንደነገሩን፣ ሁሉም በላብ ሲጠመቁ የእርሱ ሸሚዝ ደረቅ ነበር፤ «ጉልበታም ነው» ብለው አደነቁት። ከሰዓት በኋላ መቀባጠር ጀመረ። ሕመሙ ተነሣበት አሉ። ሲነኩት ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ወባ ነው ብለው ጋቢ ደራረቡበት። ጋቢ፣ ልጄ! ውሃ ሊያፈሱበት ሲገባ። ሳይመሽ አረፈ።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ «መድኃኒቱ ገደለብኝ» ትል ነበር። እኔ እንደዚያ አልልም፤ ለዓመታት በሰላም ያኖረው ያው መድኃኒት ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ያ መድኃኒት ላብን ብቻ ሳይሆን አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበትንም ሥራ እንደሚያውክ ሲሰጡት አንድም ሰው አለመናገሩ ነው። «ቆላ ከወረድህ ተጠንቀቅ» ማለት ስንት ቃል ይፈጃል?

አንቺ ግን ተነግሮሻል። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ አትቁሚ፤ የውጭ ሥራሽን በጠዋት እንዲያደርጉልሽ አለቃሽን ጠይቂ። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ እንደምትውዪ አውቃለሁ፤ በዚህ ሙቀትና በዚህ ክኒን አይሆንም። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ የታመመ ሰው እንደማይገደድ ይነግሩሻል። አብራሽ ለምትሠራው ልጅም አስረጂያት፤ አንቺ ከተቀባጠርሽ ራስሽን ልትረጂ አትችዪምና። ጥላ ውስጥ ያስገቡሽ፣ ልብስሽን ያላሉልሽ፣ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡልሽ፣ በዚያው ሆስፒታል ያድርሱሽ። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያበርድም፤ በእርሱ ጊዜ አያጥፉ። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ አእምሮም ሕይወትም አደጋ ላይ ነው።

አባትሽ ለፋሲካ መጥቶ ሶደሬ ልታጠብ ይላል። የግፊት ክኒኑ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውሃና ጨው ከሰውነት የሚያስወጣ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ ብዬዋለሁ። ተቆጥቷል፤ ይቆጣ።

ክኒኖችሽን መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አትተዪ፤ ሙቀት ያበላሻቸዋል። ደግሜ እልሻለሁ፦ ክኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፤ ፀሐዩን ግን ሽሺ። ሽሮና ሰፊ ባርኔጣ በአክስትሽ ልጅ ልኬአለሁ፤ ባርኔጣውን አድርጊው እንጂ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው። ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ማታ ደውዪልኝ፤ ያለሽን ቃል በቃል ንገሪኝ።

እናትሽ