ምነው ዝም አልክ?

መጋቢት 2004

እህቴ፣

ሰላምታውን አንቺው ሙይልኝ። አባዬን፣ ትንሹን፣ የጠየቀኝን ሁሉ ሳሚልኝ። መልእክትሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ስለዚህ ቀጥታ ወደ እማዬ ልግባ።

«ጆሮዋ ጨርሶ እምቢ ብሏል፤ አንተ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ድምፅህ የለም» ብለሽ ጽፈሻል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ዝም ያልኩት እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። መጨረሻ የደወልኩበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? ስልኩን ለእማዬ አቀበልሻት። እኔ ማውራት ጀመርኩ። እሷ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ጮህኩ። «ምነው ዝም አልክ ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አለች። አውቶቡስ ውስጥ ስለነበርኩ ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ጮህኩ። በመጨረሻ «መስመሩ ተበላሽቷል» ብላ ስልኩን ስትመልስልሽ ሰማኋት። መስመሩ ደህና ነበር። እኔ እያንዳንዷን ቃል እሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁጥራችሁን ግማሽ ድረስ እመታና እተወዋለሁ። ካርድ አጥቼ አይደለም። ጨክኜም አይደለም። አንቺስ ብትሆኚ፣ እንደዚያ መሆኗን እያየሽ ቀድመሽ... በቃ ተይው። ለመጣላት አይደለም የጻፍኩት።

ደብዳቤውን ያመጣልሽ ሰው አንድ ፖስታም ይሰጥሻል። ገንዘቡ መጀመሪያ የእማዬ ነው። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ሰም ይሁን ነርቭ ሳይታይ «እርጅና ነው» ብሎ መቀመጥ የለም። የተረፈው ለሠርግሽ ነው። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሥራ ደህና ነው፤ ጤናዬም ደህና ነው፤ ብርዱም እየለቀቀ ነው።

ስለ ሥራዬ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህቺን ለአባዬ አታንብቢለት። «ቢሮ» ያልኳችሁ ሲኒማ ቤት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ገብቼ ከወንበር ሥር ፈንዲሻ እጠርጋለሁ። ፎቅ ላይ ቢሮም አለ፤ ጠዋት ጠዋት እሱንም እጠርጋለሁ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም።

ይህን ዛሬ ያወጣሁት ለንስሐ አይደለም። ልነግርሽ የፈለግኩት ከዚያ ቤት ውጭ አይነገርም። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ «ዘ አርቲስት» የሚባል ፊልም እናሳያለን። ሚሼል ሃዛናቪሲየስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው የሠራው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደግሞ ድምፅ አልባ ነው። ሰዎቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃ አለ፣ ንግግር ግን የለም። የድሮ ፊልም እንዳይመስልሽ፤ በእነሱ አቆጣጠር በ2011 የወጣ ነው። የካቲት 18 ሌሊት ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይ ጨምሮ 5 ኦስካር ወስዷል። በ1929 በተደረገው የመጀመሪያው ሽልማት «ዊንግስ» ካሸነፈ ወዲህ ድምፅ አልባ ፊልም ምርጥ ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሽልማቱ በኋላ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። ሁሉም ግን ምን ሊያይ እንደመጣ አውቆ አልመጣም።

እኔ ሰዓቴ ሳይደርስ ኋላ በር ላይ እቆማለሁ። የማየው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የሰዉንም ጀርባ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሰው ይቁነጠነጣል። ግማሹ ወደ ጣሪያው ድምፅ ማጉያ ያንጋጥጣል። አንድ ምሽት አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነስተው መጡና በጆሮዬ «ድምፁ ተበላሽቷል፣ ንገራቸው» አሉኝ። እማዬን የሰማሁ መሰለኝ። «አልተበላሸም፣ እንዲህ ነው ፊልሙ» ልላቸው ፈለግኩ፤ ቃሉ ግን አፌ ላይ ቀረ። ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩላቸው። ሄደው ተቀመጡ።

ጥር ላይ ደግሞ ሊቨርፑል ከተማ ጥቂት ተመልካቾች «ድምፅ እንደሌለው አልተነገረንም፣ ገንዘባችን ይመለስ» ማለታቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገር ሳቀባቸው። የሥራ ባልደረቦቼም ሲቀልዱባቸው ሰነበቱ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰው ሊሰማ ተዘጋጅቶ ጆሮው ላይ ዝምታ ሲመጣበት ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ አላየሁም፣ ግን ሰምቼዋለሁ።

የቀሩት ሰዎች የሚሆኑትን ብታይ ግን! ፊልሙ ሲጀምር ራሱ ውስጥ ሲኒማ ቤት አለ። በ1927 የተሰበሰበ ተመልካች ፊልም እያየ ነው። ጆርጅ ቫለንቲን የሚባለው ዝነኛ ተዋናይ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ጭብጨባ ይጠብቃል። ያጨበጭባሉ፤ እኛ ግን እጃቸውን እንጂ ድምፁን አንሰማም። ይኼኔ የእኛው አዳራሽ ሰው እርስ በርሱ መስማት ይጀምራል። ሳሉ ይሰማል፣ የወንበሩ ሲጥሲጥታ ይሰማል፣ ከሁሉ በላይ ፈንዲሻው ይሰማል። ሰው ፈንዲሻ መቆርጠም ያፍራል! አንዲት ሴትዮ አንዷን ፍሬ ምላሷ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጥማ፣ እስክትሟሟ ስትጠብቅ አይቻለሁ። የዚህ ፊልም ዕለት ካርቶኖቹ ግማሻቸው ሳይበላ ነው የማገኛቸው። በሌላው ፊልም ባዶ ነው የማነሳው። ፊልሙን መውደድ አለመውደዳቸውን ከጋዜጣው ይልቅ እኔ መጥረጊያዬ ነው የነገረኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ። እዚህ ስድስት ዓመት ኖሬ እንኳ እንግሊዝኛው ሲፈጥን ያመልጠኛል። ሰው ሲስቅ እኔ ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ፤ ገብቶኝ ሳይሆን ላለመለየት ነው። በዚህ ፊልም ግን እኩል ሳቅኩ። ቫለንቲን አንድ ታማኝ ትንሽ ውሻ አለው፤ ጌታው ቤት ውስጥ እሳት ሲነሳበት ሮጦ ፖሊስ ጎትቶ ያመጣል። እዚያ ላይ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ በር ድረስ አንድ ላይ ነበርን። ተዋናዮቹ ብዙ ያወራሉ፣ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ መስመር ነው። የቀረውን ሁላችንም እንገምታለን። እዚያ ጨለማ ውስጥ ባዕድ አልነበርኩም።

አንድ ቦታ ደግሞ አለ። ፔፒ የምትባለው ልጅ የቫለንቲንን ኮት ተሰቅሎ ታገኘዋለች። አንድ እጇን እጅጌው ውስጥ ትከትና ራሷን ታቅፋለች፣ እሱ ያቀፋት ይመስል። በዚህ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። እኔ ግን ጃኬቴ ትዝ አለችኝ። እማዬ ከበሩ ኋላ አንስታ አታውቅም ብለሽኝ አልነበር? ለትንሹ ይሁን ብትዪያትም እምቢ ብላለች አሉ። ያን ዕለት ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ቆየሁ። አለቃዬ ፈለገኝ አሉ።

መጨረሻው ላይ ነው ነገሩ። ፊልም መናገር ሲጀምር ቫለንቲን አልናገርም ብሎ ሥራውን ያጣል፣ ንብረቱን ይሸጣል፣ ራሱን እስከ መግደል ይደርሳል። ሽጉጡን አፉ ውስጥ ሲከት ስክሪኑ ላይ «ቧ!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰው ሁሉ ክው ይላል። ለካ ልታድነው የምትከንፈው የፔፒ መኪና ከዛፍ ጋር ተጋጭታ ነው። በቃ ይተርፋል፤ ከእሷ ጋር እየጨፈረ ተመልሶ ፊልም ይሠራል። ጭፈራው ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸው ይሰማል። የፊልም ኩባንያው አለቃ አንዴ ድገሙልኝ ሲለው «በደስታ» ብሎ ይመልሳል። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ግን አነጋገሩ ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል።

ሰው እዚያ ላይ ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ይቆማል። ለካ ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ አፉን የዘጋው ድምፅ ጠልቶ አይደለም። አፉን ሲከፍት ከሌላ አገር የመጣ መሆኑ እንዳይታወቅበት ነው። ይኼን ማንም አላብራራልኝም፤ አያስፈልገኝምም። አለቃዬ ትኬት በር ላይ ቁም፣ ደመወዙም ይሻላል ካለኝ ዓመት ሊሞላው ነው። እምቢ ያልኩት ከሰው ጋር መነጋገር ስላለበት ነው። ትርፉ ለእናንተ ይደርስ እንደነበር አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠየቀኝ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። ይህንንም ለአባዬ አታንብቢለት።

ሠርግሽ ላይ አልደርስም። ወረቀቴ አላለቀም፤ ዝርዝሩን አትጠይቂኝ። እኔ የሌለሁበት ሠርግ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ ባልናገረው ይሻላል፤ የደስታሽን ቀን አላበላሽም። ልጁን በፎቶ ነው የማውቀው። ቁመናው ያምራል፣ ሥራም አለው ብለሽኛል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው። እማዬን ሲያናግራት እንዴት ነው? እየሄደ ከኋላዋ ይናገራል ወይስ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እስክታየው ጠብቆ? ሁለተኛውን ከሆነ የሚያደርገው መርቄያለሁ። አንደኛውን ከሆነ ደግሞ ይማራል፤ አስተምሪው።

በሠርጉ ቀን እማዬን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ እንዳታስቀምጧት። የሰው ፊት የምታይበት፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ትቀመጥ። ማንም ጆሮዋ ላይ አይጩህባት፤ ጩኸት የሰውን ፊት ያበላሻል፣ የተቆጧት ይመስላታል። ቪዲዮ የሚያነሳውንም ሙሽሮቹን ትቶ አምስት ደቂቃ የእማዬን ፊት ያንሳልኝ። ዘፈኑን ሌላ ቦታ እሰማዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ውሰጃት። ስካይፕ እከፍታለሁ። የጆሮ ማዳመጫውን አታድርጊላት፣ ድምፁንም ዝጊው። እኔ ወፍራም እስክሪብቶና ነጭ ወረቀት ገዝቻለሁ። መጀመሪያ አወራላታለሁ፣ ከዚያ አንድ መስመር ጽፌ አሳያታለሁ። የቀረውን ከፊቴ ታንብበው። ፊደሉን ትልልቅ አደርገዋለሁ፤ አንቺ ብቻ መነጽሯን እንዳትረሺው።

ወንድምሽ