የቆቃ ጭቃ ባዶ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ስለ ቆቃ ግድብ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረውን ዳርቻ «ባዶ ጭቃ» ብላችሁት አየሁ። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ከንክናኝ ሰነበተች። ከገና በኋላ በነበረው ቅዳሜ እዚያው ጭቃ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምኖረው አዳማ ነው። ሲመቸኝ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ ቆቃ እሄዳለሁ፣ ወፍ ለማየት። ግድቡ ክረምት ሲወጣ ሞልቶ ይቆይና ከዚያ ውሃው ለመብራትና ለመስኖ እየተለቀቀ ይቀንሳል፣ ጥር አካባቢ ዳርቻው ሸሽቶ ሰፊ ጭቃ ይተዋል። የደረቀ እምቦጭ፣ የከብት ኮቴ፣ ከወዲያ የሽንኩርት ማሳ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ዱክ ዱክ ሲል። ላላስተዋለው ሰው እውነትም ባዶ ይመስላል።

የዚያን ቀን ከትንንሾቹ የውሃ ዳር ወፎች መሃል አንድ ረጅም እግር ያለው ቆሞ አየሁ። መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ መስሎኝ አልፌው ነበር። ምንቃሩን ሳይ ግን ቀጥ አልኩ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ ሮዝ፣ ጫፉ ጥቁር። ጭቃው ውስጥ እስከ ዓይኑ ሥር ድረስ ይሰካዋል፣ ትንሽ ይነቀንቀዋል፣ ከዚያ ትል ይዞ ይወጣል። የዚህ ወፍ ምንቃር ጫፉ ላይ ብቻ መከፈት ይችላል፣ ስለዚህ አፉን ሙሉ ሳይከፍት ጭቃ ውስጥ እንዳለ ምግቡን ይቆነጥጣል። ስንት ዓመት ቆቃ ስመላለስ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ተነስቶ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ መስመር፣ ጭራው ላይ ጥቁር ቀለም ታየኝ፣ ያኔ ጥርጣሬዬ ጠፋ። ፈረንጆቹ ብላክ ቴይልድ ጎድዊት ይሉታል፣ እኔ ጭራ ጥቁር እለዋለሁ።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ። የሩቅ ማያ መነጽሬን ሰጠሁት። ቶሎ አገኘው። «ይሄ እንግዳ ነው፣ ትናንትም እዚሁ ነበር» አለኝ። እኔ በመጽሐፍ የማውቀውን ልጁ በዓይኑ ለይቶታል። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ከብቶቹን በላይ በኩል አዙሮ ወሰዳቸው።

ይህ ወፍ የሚፈለፈለው ከእኛ በጣም ርቆ፣ አውሮፓና እስያ ውስጥ ባለ እርጥብ ሣር ላይ ነው። ብርዱ ሲመጣ ወደ እኛ አቅጣጫ ይወርዳል። ቁጥሩ እየቀነሰ ስለሆነ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው ፍጥረታት በሚጻፉበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ለስጋት የተቃረበ ተብሎ ተጽፏል። ኔዘርላንድ ውስጥ የአገሪቱ ወፍ ተብሎ ተመርጧል፣ ጎጆው ያለበትን ሣር ሳያጭዱ ለሚቆዩ ገበሬዎችም ገንዘብ ይከፈላል። እዚያ እንዲህ ቢንከባከቡትም በመንገዱ ላይ የሚበላበት ጭቃ ካጣ ድካሙ ከንቱ ነው። ፈረንጆቹ ስሌንደር ቢልድ ከርሉ የሚሉት የሱ ዘመድ የሆነ ምንቃረ ቀጭን ወፍ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ውስጥ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ከምድር ጠፍቷል ተባለ። እንዲህ ነው የሚጠፉት፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

ቆቃ ሰው የሠራው ውሃ ነው። አዋሽ ተገድቦ ግድቡ ሥራ የጀመረው በጃንሆይ ዘመን፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፣ ለመብራት ተብሎ። ማንም ለወፍ ብሎ አልሠራውም። ወፎቹ ግን ራሳቸው አግኝተውታል፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይመጣሉ።

ገበሬውን አልወቅስም። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ የልጆቹ እንጀራ ነው፣ እኛም አዳማ ገበያ ላይ የምንገዛው እሱን ነው። የምለው ሌላ ነው። ውሃው ሲሸሽ እስከ ጫፉ ድረስ ከማረስ ጥቂት ሜትር እስከ መጋቢት ለወፎቹ ቢተውላቸው ጥሩ ነው፣ ያኔ እነሱ ወደ ሰሜን ይመለሳሉና። ሌላው የፀረ ተባይ ጠርሙስ ነው። በዚያ ጠዋት ወፉ ከቆመበት ትንሽ ራቅ ብሎ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ አንገቱ ብቻ የወጣ ጠርሙስ አገኘሁ፣ አሁንም ይሸታል። ያ ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎዳው ትሉ ነው፣ ከዚያ ዓሣው፣ ከዚያ እኛ። ባዶውን ጠርሙስ የሚሰበስብ አንድ ቦታ ቢዘጋጅ ገበሬውም የሚጠላ አይመስለኝም።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ቆቃ ዳግም ስትጽፉ ጋዜጠኛችሁን ላኩልኝ፣ ቦታውን አሳየዋለሁ። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት መድረስ አለብን፣ ፀሐይ ከበረታች ከጭቃው የሚነሳው ሙቀት እይታውን ያንቀጠቅጠዋል። ቦት ጫማ ያድርግ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ