የፍሬድ አስቴርን እግር አትቁረጡበት

ክቡር አዘጋጅ፣

የድሮ የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች ዳንስ በስልክ ቪዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን የመዝናኛ ዝግጅት ላይ ተቀንጭቦ ሲቀርብ ማየት የተለመደ ሆኗል። መቅረቡ ደግ ነው፤ አቀራረቡ ግን ያሳዝናል። ስክሪኑ እንዲሞላ ሲባል ምስሉ ከላይና ከታች ይከረከማል፣ ካልሆነም ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በየመሃሉ ደግሞ የዳንሰኛው ፊት ብቻ ተጎልቶ ይገባል። በዚህ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አሜሪካዊው ዳንሰኛና የፊልም ተዋናይ ፍሬድ አስቴር ነው። ይህ ሰው በፊልም ዘመኑ አጥብቆ የታገለው ዳንሰኛ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ፣ ሳይቆራረጥ እንዲታይ ነበር። የኪነ ጥበብ ገጻችሁን የቪዲዮ አቀናባሪዎችና የጣቢያ ሰዎችም ያነቡታልና መልእክቴ ለእነሱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር ሜይ 10 ቀን 1899 በኔብራስካ ግዛት ኦማሃ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከኦስትሪያ የመጣ ስደተኛ ሲሆን የቤተሰቡ ስም አውስተርሊትዝ ነበር። በ1905 እናቱ እሱንና ታላቅ እህቱን አዴልን ይዛ ወደ ኒውዮርክ ሄደች። ሁለቱ ገና በልጅነታቸው በየከተማው የቮድቪል (ዘፈን፣ ዳንስና ቀልድ የሚፈራረቁበት ትርኢት) መድረክ እየጨፈሩ አደጉ፤ በ1920ዎቹ የብሮድዌይና የለንደን ኮከቦች ሆኑ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ይበልጥ የሚወደው አዴልን ነበር። በ1932 እሷ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ አግብታ መድረኩን ስትተው ወንድሟ ብቻውን ቀረና በሚቀጥለው ዓመት ሆሊውድ ገባ። የሙከራ ቀረጻውን ያየው የስቱዲዮ ኃላፊ ዴቪድ ሴልዝኒክ በማስታወሻው ላይ ትላልቅ ጆሮዎቹንና አገጩን ነቅፎ፣ ሞገሱ ግን በዚያ መናኛ ቀረጻ እንኳ ጎልቶ እንደሚታይ መስክሯል።

በዚያን ዘመን በሙዚቃ ፊልም ውስጥ ገናናው ካሜራው ነበር። ከጣሪያ ላይ ቁልቁል ያያል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶችን እንደ አበባ ይደረድራል፣ አንዴ ጉልበት አንዴ ፈገግታ እየለቀመ ያሳያል። አስቴር ይህን ገለበጠው። ካሜራው ዝቅ ባለ ባለጎማ ጋሪ ላይ ተጭኖ ከዳንሰኛው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ሙሉ አካሉን በፍሬሙ፣ ማለትም በምስሉ ክልል ውስጥ ይይዛል፤ ከጫማው በታችና ከራሱ በላይ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ቁርጥ፣ ማለትም ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው መዝለል፣ በተቻለ መጠን አይኖርም። ቆሞ የሚያይ ሰው ፊት በመሃል አይገባም። ስሜቱን የሚናገረው ከወገብ መታጠፍና ከተረከዝ አረጋገጥ ላይ ስለሆነ፣ ፊቱን ማጉላት ንግግሩን መሃል ላይ ማቋረጥ ነው። እጆቹ ትላልቅ ስለነበሩ አይወዳቸውም ነበርና ሲጨፍር መካከለኞቹን ሁለት ጣቶች ወደ ውስጥ ያጥፋል። እንዲህ ያለው ነገር የሚታየው ምስሉ ሙሉ ሲሆን ነው።

ሳይቆራረጥ መቅረጽ ዋጋ ያስከፍላል። ስሕተቱ በመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ቢመጣም ሁሉም እንደገና ይጀመራል። በ1936 በወጣው «ስዊንግ ታይም» ውስጥ ከዳንስ ጓደኛው ከጂንጀር ሮጀርስ ጋር የጨፈሩት የስንብት ዳንስ 47 ጊዜ እንደተቀረጸ ይነገራል። አንዴ መብራት ይጠፋል፣ አንዴ ካሜራው ድምፅ ያሰማል፣ አንዴ ከሁለቱ አንዳቸው እርምጃ ይስታሉ፣ አንዴም የአስቴር ሰው ሠራሽ ጸጉር ይወልቃል። ሌሊቱ ሲገባደድ የሮጀርስ እግር ደምቶ ነበር። ዛሬ ያንን ዳንስ በ20 ሰከንድ ውስጥ አምስት ቦታ ቆራርጦ የሚለጥፍ ሰው ሮጀርስ በደሟ የከፈለችበትን ነገር ነው የሚጥለው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ልምምዱ አለ። ቀረጻው ከመጀመሩ ሳምንታት አስቀድሞ አስቴር፣ የዳንስ አቀናባሪው ሄርሚስ ፓንና ፒያኖ ተጫዋቹ ሃል ቦርን ክፍል ዘግተው ይሠሩ ነበር። ሮጀርስ በሌላ ፊልም ስትያዝ የእሷን ቦታ ፓን ይጨፍራል፤ ስትመጣም የሚያስተምራት እሱ ነው። በቀረጻው ቀን ሙዚቃው አስቀድሞ ተቀርጾ በድምፅ ማጉያ ስለሚለቀቅ የጫማው ምት አብሮ አይቀዳም (ታፕ የሚባለው ይህ ዳንስ ሥሩ ብረት በተደረገበት ጫማ ወለሉን እየመቱ የሚጨፈር ነው)። ምስሉ ካለቀ በኋላ አስቴር ወደ ድምፅ ክፍል ገብቶ፣ ራሱን በስክሪን እያየ፣ እያንዳንዷን ምት እንደገና ይረግጣታል። የሮጀርስን ብዙውን ጊዜ የረገጠላት ፓን ነው። ድምፁና ምስሉ እንዲህ በጥንቃቄ የተጋጠሙት በኋላ ነውና በማሰራጫ ላይ ትንሽ ቢዛነፍ ሥራው ይፈርሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል አለው፤ ስለዚህ አንድ ፍሬም 42 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ታፕ ዳንሰኛ በፈጣን ሙዚቃ በሰከንድ 8 ምት ቢረግጥ በምትና በምት መካከል 125 ሚሊሰከንድ አለ፤ ይህም ሦስት ፍሬም ነው። ድምፁ በሦስት ፍሬም ከዘገየ ዓይን የሚያየው አንዱን እርምጃ፣ ጆሮ የሚሰማው ያለፈውን ይሆናል። በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየት የተለመደ ስለሆነ ታፕ በሽቦ በተገናኘ ድምፅ ማጉያ ወይም በራሱ በቴሌቪዥኑ ቢሰማ ይሻላል።

ፍጥነቱም አለ። የሀገራችን ቴሌቪዥን የሚሠራው በሰከንድ በ25 ፍሬም ነው። ባለ 24 ፍሬሙ ፊልም እንዳለ ወደ 25 ሲጫን በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ የ100 ደቂቃው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል፤ ድምፁም ይቀጥናል። በንግግር ላይ ብዙ አያስታውቅም። በዳንስ ላይ ግን አስቴር ቀስ ብሎ የሚያርፍባት ተረከዝ ችኩል ትሆናለች።

ወደ ክርከማው ልመለስ። የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ፊልም ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን ደግሞ 1.78። 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክስል) ባለው ስክሪን ላይ የቀድሞው ምስል በሙሉ ቁመቱ ሲቀመጥ 1480 ነጥብ ስፋት ይይዝና በግራም በቀኝም 220 ነጥብ ጥቁር ይተርፋል። ያ ጥቁር ጉድለት አይደለም። ጥቁሩን ለማጥፋት ምስሉ ከተጎላ ከቁመቱ 23 በመቶ ይጠፋል፤ እኩል ተከፍሎ ከላይና ከታች ቢቆረጥም ከታች የሚሄደው 11 በመቶ የሚሆነው በትክክል ጫማው ያለበት ቦታ ነው። ከተለጠጠ ደግሞ ያ ቀጭን ሰው 30 በመቶ ይወፍራል። በስልክ ቁም ምስል ይብሳል፦ ከስፋቱ 59 በመቶ ስለሚጣል ከጥንዶቹ አንዱ ይጠፋል።

ይህ አደጋ በሕይወት ሳለም ደርሶበታል። በ1968 በወጣው የመጨረሻ የሙዚቃ ፊልሙ ላይ ስቱዲዮው ምስሉን ለትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ወደ 70 ሚሊሜትር ፊልም አሰፋው። የፍሬሙን የላይና የታች ልክ ያሰላ ሰው ስላልነበረ አስቴር ሲጨፍር እግሩ ተቆረጠ። ይህን በቁጭት የተናገረው የፊልሙ ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ራሱ ነው። ሄርሚስ ፓንም በዚያው ፊልም ሥራ መሃል ተሰናብቶ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እግሩ እንዲታይ የደከመ ሰው መጨረሻው በልኬት ጉድለት እንዲህ ሆነ።

አንዳንዱ ዳንስ ደግሞ ከተከረከመ ትርጉሙ ራሱ ይጠፋል። በ1951 በ«ሮያል ዌዲንግ» ውስጥ አስቴር በግድግዳና በጣሪያ ላይ የሚሄድበትን ትዕይንት እንውሰድ። የሚጨፍርበት የቤት ክፍል የተሠራው በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ነው። የቤት ዕቃው፣ ካሜራውና ካሜራ ያዡ ከክፍሉ ጋር ታስረው አብረው ይዞራሉ፤ አስቴር ግን ሁልጊዜ የሚረግጠው ከታች ያለውን ነው። ተመልካቹን የሚያሳምነው የክፍሉ አለመንቀሳቀስ ነው፤ አራቱም ማዕዘን ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። አቀናባሪው አስቴርን ለመከተል ፍሬሙን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ዓይን መለኪያ ያጣል፤ ምትሐቱም ይበተናል።

በ«ስዊንግ ታይም» ውስጥም አስቴር ከኋላው ካሉት ሦስት ግዙፍ ጥላዎቹ ጋር ይጨፍራል፤ በመጨረሻ ጥላዎቹ መከተል አቅቷቸው ትተውት ይሄዳሉ። ከላይ ሲከረከም የጥላዎቹ ራስ ይቆረጣል። በዚያ ዳንስ ፊቱን ጥቁር ተቀብቷል፤ ያኔ በአሜሪካ መድረክ የተለመደ ነውር ነበር። ታፕን ያሳደጉት እንደ ቢል ሮቢንሰን ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸውና ክፍሉን የሚያቀርብ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም።

አስቴር ጁን 22 ቀን 1987 በ88 ዓመቱ አረፈ። ሕይወቱ በፊልም እንዳይሠራ በኑዛዜው አሳስቧል። ምስሉ ግን አላረፈም፤ በ1997 አንድ ማስታወቂያ በኮምፒውተር እየቀየረ ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን ጋር አስጨፈረው። ሚስቱ ፈቅዳ ነበር፣ ልጁ ተቃወመች። በ1999 ካሊፎርኒያ የሟች ታዋቂ ሰዎችን ምስል ለመጠበቅ ያወጣችው ሕግ በስሙ ተጠርቷል።

ለቤት ተመልካች፦ በቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ምርጫ ላይ 4 በ3 ወይም «ኦሪጅናል» የሚለውን ይምረጡ፤ «ዙም»ን ያጥፉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰው ክፍል፣ በአንዳንዱ «ትሩ ሞሽን» በሌላው «ሞሽን ፍሎው» የሚባለው፣ መጥፋት አለበት፤ በፍሬሞች መካከል ያልተቀረጸ ምስል እየፈጠረ ስለሚጨምር ፈጣን እግር ያደበዝዛል።

ለአቀናባሪ፦ በ1080 ስፋት ቁም ቪዲዮ ላይ ሙሉው ፍሬም 788 ነጥብ ቁመት ብቻ ነው የሚፈልገው። መሃል ላይ አስቀምጡት። ፍጥነቱን አትንኩ፤ ጊዜ ካጠረም ዳንሱን ከመቆራረጥ አንዱን ያልተቆረጠ 30 ሰከንድ መርጣችሁ እንዳለ አሳዩ። የጉራጌን ጭፈራ የምትቀርጹም ከወገብ በላይ እያጎላችሁ እግሩን ስትተዉት የምታጠፉት ያንኑ ነው። ከላይና ከታች የሚተርፈው ቦታ ባዶ አይቅር፤ የፊልሙ ስም፣ ዓመቱና አብራው የጨፈረችው ሴት ስም ይጻፍበት፤ ሄርሚስ ፓን ከ31ዱ የአስቴር የሙዚቃ ፊልሞች በ17ቱ አብሮት ሠርቷልና ባለበት ሁሉ የእሱም ስም ይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ