የተቀነሰውን ሠራተኛ ማን ይቁጠረው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርብ ጊዜ ስለ ባሕር ዳር በሚቀርቡ ዘገባዎች ከተማዋ ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴዋ እየተመለሰች መሆኗ ይነገራል፤ ለዚህም ማስረጃ ተደርገው የሚጠቀሱት ብዙውን ጊዜ የተያዙ አልጋዎች፣ የተጠናቀቁ ግንባታዎችና የተፈጠሩ የሥራ ዕድሎች ናቸው። በሆቴሎች የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ረጅም ዘመን የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ፣ እነዚህ ማስረጃዎች ስለ ሠራተኛው የሚነግሩን በጣም ጥቂት መሆኑን ለአንባቢያንም ለሚመለከታቸው ኃላፊዎችም ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የአንድ አካባቢ ንግድ ስላገገመ የሥራ ገበያውም አብሮ አገግሟል ማለት አይቻልም። ንግዱ በወራት ውስጥ ሊያንሰራራ ይችላል፤ የሥራ ገበያው ግን ዓመታት ይወስድበታል፤ ሥራው በተመለሰበት ቦታም እንኳ ቀድሞ ይሠራው የነበረው ሰው ላይገኝ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት የጣና ዳር ሥራ በደኅናው ጊዜ እንዴት ይሄድ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲደርስ የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ሞልቶ ይወርዳል፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ገናና ጥምቀት ድረስ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ ባሕር ዳር አንድ ሁለት ሌሊት ያድራል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ ወደ ዘጌ የሚሻገር አንድ ቡድን ለጀልባ ነጂው፣ ለአስጎብኚው፣ በመንገዱ ዳር የእጅ ሥራ ለምትሸጠው ሴት፣ ለምሳው ዓሣ ላቀረበው ሰው፣ የሆቴሉን አንሶላ ለምታጥበው ሠራተኛ ሁሉ ገቢ ነው። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት በመሆናቸው አዳራሾች ሥራ አያጡም፤ በጾም ወራት ደግሞ የዓሣ ገበያው ይደራል። ክረምት ሲገባ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። በዚያን ጊዜ ሆቴሎች ሠራተኛውን የዓመት ፈቃድ ያስወጡታል፤ ቤተሰቡ ገበሬ የሆነው ወደ ሜጫ ወይም የሩዝ አገር ወደሆነው ፎገራ ወርዶ እርሻ ያግዛል፤ መስከረም ሲጠባ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ይህ አሠራር በየትኛውም ውል ላይ የተጻፈ አልነበረም። ባለቤቱ ሠራተኛው እንደሚመለስ፣ ሠራተኛውም ቦታው እንደሚጠብቀው እርግጠኞች ስለነበሩ ብቻ ይሠራ ነበር። የሥራ ገበያችን በየዓመቱ የሚመጣውን መቀዛቀዝ የሚችለው በዚህ መተማመን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ባለፉት ዓመታት ከሁሉ በላይ የተጎዳውም ይኸው መተማመን ነው።

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ጉዳት በተከታታይ የመጣ ነበር። መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ የውጭውን እንግዳ በቀናት ውስጥ አጠፋው። ይህ ሳይቃለል በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በኅዳርም ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሮኬት ተተኮሰ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ትንሽ ተስፋ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በረራ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ የሰዓት እላፊ ገደብ የማታውን ሥራ አስቀረው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ችግር ተበድሮም ቢሆን ተስፋ አድርጎ ሊያልፈው እንደሚችል ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን የሚሸጥ ዕቃ አይኖረውም፣ ሦስተኛው ሲደርስ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ተከታታይ መቀዛቀዞች የሚያስከትሉት ጉዳት የአንዱ ሦስት እጥፍ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

ሕጋችን ለአጭር ችግር መፍትሔ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ድርጅቱ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም አሠሪው ባላጠፋው የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲያቆም፣ ከሥራ ውሉ የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው እንዲታገዱ ይፈቅዳል። አሠሪው ይህን በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማሳወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በእገዳው ጊዜ ሠራተኛው ደመወዝ ባያገኝም ውሉ ይቆይለታል። 90 ቀን ለአንድ ክረምት ይበቃል፤ ለእኛ ለገጠመን ግን አልበቃም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስንብት ነው፤ የስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረበት የሚሰላ በመሆኑ፣ አምስት ዓመት ያገለገለ አንድ አስተናጋጅ ከዚህ ስሌት የሚደርሰው የ70 ቀን ደመወዝ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ከዚህ የተሻለ ነገር ሞክሮ ነበር። መጋቢት 30 ቀን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ፣ የሚመለከተው ሚኒስቴር ከሚያወጣው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ መቀነስንና ማሰናበትን ለአምስት ወራት ከልክሏል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ሆኖም ባዶ ሆቴል ይዞ የተቀመጠ ባለቤት ደመወዙን ከየት እንደሚከፍል ካልተመለሰለት፣ ክልከላው ብቻውን ሠራተኛውን አያኖረውም። በዚያ ወቅት ያየሁት ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» ነበር፤ ሠራተኛው በወረቀት አልተሰናበተም፣ ቤቱ ግን ምንም አይገባም። ለዚህ ባለቤቶችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ የባንክ ዕዳ ያለባቸው ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ለሠራተኞቻቸው ምግብና ማደሪያ ሳያጓድሉ ወራት የቆዩ መሆናቸውን አውቃለሁ።

ታዲያ ሠራተኛው የት ሄደ? የሥራ አጥነት መድን በሌለበት አገር ሥራ የለኝም ብሎ ተመዝግቦ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው፤ የተቀነሰው ሁሉ ወዲያውኑ ሌላ ነገር ይይዛል። ጀልባ ነጂ የነበረው መረብ ተበድሮ ወደ ዓሣ ማስገር ገባ፤ ሐይቁ ቀድሞውንም በእምቦጭ የተጨነቀ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ መረብ መሸከም ነበረበት። ከአስጎብኚዎች ባጃጅ ተከራይተው የሚነዱ ነበሩ፤ ከአስተናጋጆችና ከአልጋ ክፍል ሠራተኞች መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ አገሮች ሄዱ። ወደ ገጠር የተመለሰው፣ ድሮ የክልላችን ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ይጎርፍበት ወደነበረው ወደ መተማና ሁመራ እንዳይሄድ መንገዱም ጸጥታውም አልፈቀደለትም። እነዚህ ሰዎች በመጠይቅ ቢጠየቁ «ሥራ አለኝ» ይላሉ። ስለዚህ የእኛ መቀዛቀዝ በሥራ አጥ ቁጥር ላይ ጎልቶ አይታይም፤ የሚታየው በገቢ ማነስ፣ በሙያ መቀየርና በስደት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ኦሊቪዬ ብላንሻር እና ሎረንስ ካትዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ የአሜሪካ ግዛት በኢኮኖሚ ችግር ሲመታ የሥራ አጥነት መጠኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ፣ ይህ የሚሆነው ግን በዋነኛነት ሥራው ስለተመለሰ ሳይሆን ሠራተኛው ግዛቱን ለቆ ስለሚሄድ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በሰኔ 2009 አብቅቷል ቢባልም፣ የሥራ አጥነቱ መጠን 10 በመቶ ደርሶ ጣሪያ የነካው ከዚያ በኋላ በጥቅምት ነበር፤ የሥራዎቹ ብዛት ከድቀቱ በፊት ወደነበረበት የተመለሰውም በ2014 ነው። መረጃ በየወሩ በሚሰበሰብበትና የሥራ አጥ ድጎማ ባለበት አገር ይህን ያህል ጊዜ የፈጀ ነገር በእኛ ከተማ በአንድ የበዓል ሰሞን ተስተካከለ ብሎ ማወጅ ቢያንስ ችኮላ ነው።

ባሕር ዳርን ፈጽሞ ከመውደቅ ያዳናት አንድ ነገር መኖሩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የክልሉ መንግሥት መቀመጫና የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ አልተቋረጠም፤ ሱቁም ጉልቱም በዚህ ገንዘብ ቆይቷል። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በመጣው የዋጋ ንረት የደመወዝተኛው የመግዛት ዐቅም ስለተዳከመ፣ ይህ ምሰሶ እንደ ቀድሞው ብዙ ሊሸከም አይችልም።

አሁን ስለ ማገገሙ ጥራት ልናገር። ሥራ ሲመለስ የሚመለሰው በሌላ መልክ ነው። ድሮ ቋሚ የነበረው የሥራ መደብ ዛሬ በሦስት ወር ውል ወይም በቀን ሒሳብ ይቀጠርበታል፤ የዓመታት ልምድ ያላት ምግብ አብሳይ ብትመለስ እንኳ የምትጀምረው እንደ አዲስ ገቢ ነው፣ ምክንያቱም የአገልግሎት ዘመኗ በስንብቱ ቀን ተቆርጧል። ባለቤቶች ደግሞ በአንጻሩ የሠለጠነ ሰው አጣን ብለው ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት፣ የትኛው ገዳም በየትኛው ሰዓት ለጎብኚ እንደሚከፈት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ በየት በኩል እንደሚመለስ ሥራው ላይ ሆኖ ከቀደሙት የተማረ ሰው ሲጠፋ፣ በሦስት ሳምንት ሥልጠና አይተካም። ሠራተኛ ፈላጊና ሥራ ፈላጊ በአንድ ከተማ ውስጥ እየኖሩ የማይገናኙበት ምክንያት ይህ ነው፤ ቀድሞ የነበራቸው ትስስር ተበጥሷል።

በየዓመቱ ለሕዝብ የሚቀርበው ሪፖርት ግን ይህን ሁሉ አያሳይም። ይህን ያህል ወጣት ቋሚና ጊዜያዊ የሥራ ዕድል አገኘ ይባላል፤ በዚያው ዓመት ስንት ሰው ከሥራ እንደወጣ፣ ጊዜያዊ ከተባለው ሥራ ውስጥ ስንቱ ከስድስት ወር በኋላ እንደቆየ አይነገርም። የኮሪደር ልማቱ ለቀን ሠራተኛው እንጀራ ሆኗል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ድንጋይ በማንጠፍ የዋለ አንድ አስጎብኚ በሪፖርቱ «ሥራ የተፈጠረለት» ሆኖ ሲቆጠር፣ የጠፋው ሙያው በየትም አልተቆጠረም። የገባውን ብቻ መዝግቦ የወጣውን የማይመዘግብ ሒሳብ በማንኛውም የንግድ ቤት ተቀባይነት የለውም።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2009 ድርጅቶች ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ የሥራ ሰዓት እንዲቀንሱ፣ ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉንም የሥራ አጥነት መድኑ እንዲሸፍን በማድረግ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ በቦታው አቆይተዋል። እኛ ያንን የሚሸከም መድን የለንም፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ለጡረታ እንጂ ለመቀዛቀዝ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ አሠራሩን እንዳለ እንቅዳ አልልም። ከመሠረተ ሐሳቡ ግን የምንወስደው አለ፦ ሠራተኛውና ድርጅቱ እንዳይለያዩ ማድረግ፣ ከተለያዩ በኋላ ለማገናኘት ከመሞከር እጅግ ይቀልላል። የሆቴሎች የሠራተኛ ማኅበራትና ባለቤቶች በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ፣ በመቀዛቀዝ ምክንያት የተቀነሰ ሠራተኛ ቦታው እንደገና ሲከፈት ከሌላው አስቀድሞ እንዲጠራና የቀድሞ አገልግሎቱ እንዲታሰብለት ቢያስገቡ፣ ከመንግሥት በጀት አንድ ብር አይጠይቅም። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበራትም ለነጂዎቻቸው ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። የ90 ቀኑ ገደብም፣ ችግሩ የአንድ ድርጅት ሳይሆን የመላው አካባቢ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ በሠራተኛው ፈቃድ ሊራዘም የሚችልበት መንገድ በሕግ አውጪው ዘንድ ቢታይ መልካም ነው፤ ለተራዘመው ጊዜ ግን ቢያንስ የቤት ኪራይና የቀለብ ድጋፍ ካልታሰበ፣ መራዘሙ ሠራተኛውን በባዶ ተስፋ ማሰር ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምጠይቀው ግን የከተማችንን የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ነው። አሠሪዎች ሥራ ሲያቆሙ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረቡት ማስታወቂያዎች በመዝገብ ቤት መኖር አለባቸው። በመጪው ዓመታዊ ሪፖርት ከተፈጠረው የሥራ ዕድል ጎን በዚያ መዝገብ መሠረት የታገደው፣ የተሰናበተውና ወደ ቦታው የተመለሰው ሠራተኛ ቁጥር በየዘርፉ ተለይቶ ይውጣ፤ ሆቴሎቹም የቀድሞ ሠራተኞቻቸውን የስም ዝርዝር ለመሥሪያ ቤቱ በማቅረብ ይተባበሩ።

ከአክብሮት ጋር
የባሕር ዳር ነዋሪ