ስለ ሞርከም ጉዞና ስለ ጠፋው ጫማ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

እንቁጣጣሽ ሊገባ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ልጆቹን ከማንቸስተር ሞርከም ወደምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ፣ የድሮ ልብስና ዕቃ ወደሚታይበት በዓል ይዘናቸው እንደሄድን ታውቃላችሁ። በማግስቱ የደወላችሁልኝ ወላጆች የጠየቃችሁኝ ግን ስለ በዓሉ አይደለም፤ ስለ ጫማው ነው። ከእሱ ልጀምር።

ከምሳ በኋላ ሦስት ልጆች ከእግረኛ መንገዱ ወርደው ወደ አሸዋው ገቡ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ቦታው የኳስ ሜዳ ነው የሚመስለው። ትንሽ እንደሄዱ አሸዋው ጭቃ ሆነባቸው። አንደኛው እግሩን ሲመዝ ጫማው እዚያው ቀረ። ውሻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ አንድ አዛውንት አይተዋቸው በጩኸት መለሷቸው። ሦስቱም ደህና ናቸው፤ ወላጆቻቸውንም ያኑ ዕለት ማታ አነጋግሬያለሁ።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የኔ ነው። በዚያ ሰዓት የመጠበቅ ተራው የኔ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ድንኳን ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ እያገላበጥኩ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የወጣ ሸክላ ይገኝ ይሆናል ብዬ። አልተገኘም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሩን አቅልዬ ማለፍ ያልፈለግሁት የቦታውን ጠባይ ስለማውቅ ነው። የሞርከም ባሕረ ሰላጤ ውኃው ሲሸሽ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አሸዋና ጭቃ ይገለጣል። ውኃው ሲመለስ ከፈረስ ግልቢያ ይፈጥናል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2004 ከአሸዋው የሚበላ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሠራተኞች በምሽት ውኃው ከቧቸው ሞተዋል። ይህን ለልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ነግሬያቸዋለሁ። መንገር የነበረብኝ ግን ስንሄድ እንጂ ስንመለስ አልነበረም። ከእንግዲህ ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ ካልተገኘ የትም አንሄድም። ስለዚህ ወላጆች፣ «ሥራ አለብኝ» የምትለዋን ነገር ትንሽ እንቀንሳት።

አሁን ወደ በዓሉ። ስሙ «ቪንቴጅ ባይ ዘ ሲ» ነው፤ መግቢያው ነጻ ነበር። ሰዉ በፈረንጆቹ የ1940ዎቹንና የ50ዎቹን ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን በዚያ ዘመን ፋሽን ተሠርቶ ይመጣል። የድሮ መኪኖች ይደረደራሉ፣ ይጨፈራል፣ የድሮ ዕቃ ይሸጣል። ከተማው ራሱ ለዚህ የሚመች ነው። በአንድ ወቅት የዮርክሻየር የሱፍ ፋብሪካ ሠራተኞች ለዕረፍት በባቡር እየመጡ ያጥለቀልቁት ነበር። የባቡር ኩባንያው በፈረንጆቹ በ1933 ባሕሩ ዳር ሚድላንድ ሆቴልን ሠራ፤ ነጭ፣ ጎበጥ ያለ፣ መርከብ መርከብ የሚል ሕንጻ ነው። በኋላ ሰው በርካሽ አውሮፕላን ወደ ስፔን መሄድ ሲጀምር ሞርከም ጭር አለ። ከ1897 ጀምሮ የነበረው ዊንተር ጋርደንስ ቲያትር ቤት እንኳ በ1977 ተዘግቶ ነበር።

ልጆቹ ለሆቴሉ ብዙም ግድ አልነበራቸውም። የኮሜዲያኑ የኤሪክ ሞርከም ሐውልት ጋ ግን ሁሉም አንድ እግራቸውን አንስተው እንደ እሱ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። የልደት ስሙ ኤሪክ ሞርከም አልነበረም፤ የተወለደበትን ከተማ ስም ነው የወሰደው። «ታዲያ የአባቱ ስም የት ሄደ?» ብሎ አንዱ ተማሪ ተቆጣ።

ከሁሉም በላይ የያዛቸው የዕቃው ገበያ ነው። አብራን የመጣች አንዲት እናት ገና ስትገባ «ይሄማ ምናለሽ ተራ ነው!» አለች። «ምንድን ነው እሱ?» አሏት። እዚያው ቆማ ስለ መርካቶ አወራችላቸው። ከጣሳ ኩራዝ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ እንደሚሠራ ስትነግራቸው አላመኗትም። ሻጩ ሳይቀር ቀርቦ ምን እንደምታወራ ጠየቀ፤ ልጆቹ እየተሻሙ አስተረጎሙለት።

ትንሽ ራቅ ብሎ በእጅ የሚዞር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና 60 ፓውንድ ተለጥፎበት ተቀምጧል። አንዲት ተማሪ «አያቴ ጋ አለ እኮ» አለች። «ታዲያ ያንቺም አያት ዕቃ ቪንቴጅ ነዋ?» አልኳት። «አይ፣ እሷ ትሰፋበታለች» አለችኝ። ከመኪኖቹ መካከል አንድ ቮልስ ነበር፤ ባለቤቱ በጨርቅ ይወለውለዋል። አዲስ አበባ ከርሞ የመጣ ልጅ «የአጎቴ ጓደኛ በእሱ ነው ሥራ የሚሄደው» ብሎ ለባለቤቱ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሰውዬው ደስ ብሎት መሪውን አስጨበጠው።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ስንመለስ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። «ቪንቴጅ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሮጌ» አሉ። አሮጌ ስንል ግን ልንጥለው ነው። «ጥንታዊ» አለ ሌላው። እሱ ደግሞ አክሱም ያደርሰናል። «የድሮ» ይቀርባል፤ ግን መወደዱን አይናገርም። ከኋላ ወንበር አንዷ «የአያቴ ዓይነት» አለች። ይኼ ክርክር ማንቸስተር እስክንገባ አላበቃም። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ያንን ያህል አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዝኛ መቀላቀሉ እንዳለ ሆኖ ነው ታዲያ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ የድሮ ነገር ይዞ ይምጣ። ውድ መሆን የለበትም። ካሴት፣ ፔርሙዝ፣ ፎቶ፣ ከአገር ስትወጡ የያዛችሁት ሻንጣ፣ ማንኛውም ነገር ይሆናል። እባካችሁ ጀበና ብቻ አይሁን፤ ባለፈው የባህል ቀን 11 ጀበና መጥቶልን ነበር። ልጁ ስለ ዕቃው ሦስት ደቂቃ ያህል በአማርኛ ይናገራል። ንግግሩን ጽፋችሁ አትስጡት። ዕቃውን መሐል አድርጋችሁ ተቀመጡና አውሩት፤ የገባውን ራሱ ይናገር። አያት በስልክ የሚገኙ ከሆነ ደግሞ ለእሳቸው ደውሉላቸው፤ ከእናንተ የተሻለ ያውቃሉ።

ጥቃቅን ጉዳዮች፦ ከአውቶቡሱ ኪራይ 38 ፓውንድ ተርፏል፤ ለወረቀትና ለቀለም እናውለዋለን፣ የሚቃወም ካለ ይንገረኝ። አንድ ሰማያዊ ሹራብና ሁለት የምሳ ዕቃ ቢሮዬ አሉ። የግራ እግር ጫማውም እዚያው ነው። ቀኙ ሞርከም ጭቃ ውስጥ ስለቀረ ልጥለው ብዬ ባለቤቱን ጠይቄው ነበር፤ የሚያመጣው ዕቃ እሱ እንደሆነ ነግሮኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር